አምስተኛው ልዑክ

ሕዝቅኤል መድኃኒት ሻጭ ነው። ባሕር ዳር መናኸሪያው አጠገብ ባለች ፋርማሲ ነጭ ጋውኑን ለብሶ ሲውል ሰው የሚያሳክከውንም የሚያፍርበትንም ያወራለታል። ዓይን አፋር ደንበኛ ሲገጥመው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያለ ያደፋፍራል። የራሱን ግን ከሐምሌ ጀምሮ ደብቆታል።

ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ደንበኛውን ሁሉ ባስቀረበት አንድ ከሰዓት፣ አብራው ከምትሠራው ከሚስጥር ጋር ወደቀ። ወደቀ ማለት የቤተ ክህነት ቃል ነው፤ ሌላው ሰው ተዋደዱ ይላል። ሌላ ሰው ቢሆን ንስሐ ገብቶ፣ ቀኖናውን ፈጽሞ፣ ልጅቱን አግብቶ ይኖር ነበር። ሕዝቅኤል ግን ዲያቆን ነው። ድንግልናውን ያጣ ዲያቆን ዳግመኛ መቅደስ አይገባም፤ ይህን የማያውቅ የቄስ ልጅ የለም።

በየዓመቱ የዓመት ፈቃዱን የሚወስደው ለፍልሰታ ነው። አባቱ ቄስ ገድሉ ከዘንዘልማ ወዲያ፣ ሐይቁ ዳር ባለች ደብር ያገለግላሉ፤ ሱባኤው እስኪያልቅ አብሯቸው ይቀድሳል። ዘንድሮ ደግሞ እሱ ካልመጣ ቅዳሴም የለ። የቆሎ ተማሪዎቹ አገሩ ሰላም ሲያጣ ወደየቤታቸው ተበትነዋል፤ አንዱ ትልቅ ዲያቆን አዲስ አበባ ገብቶ ልብስ ይነግዳል አሉ። ለቅዳሴ አምስት ልዑካን፣ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን፣ ያስፈልጋሉ። ቄሶቹ ሁለት ናቸው፣ የቀሩት ዲያቆናት ሁለት ሕፃናት ናቸው፤ አምስተኛው ሕዝቅኤል ነው። አምስተኛ ከሌለ ሕዝቡ ጾሞ መጥቶ ጾሙን ይመለሳል።

ባጃጁ ጭቃውን ፈርቶ ዘንዘልማ ላይ አወረደው። ጫማውን በእጁ ይዞ በእግሩ ሲያዘግም አንዲት ዓረፍተ ነገር እየደጋገመ ይለማመድ ነበር፦ «አባየ፣ ከእንግዲህ መቅደስ መግባት አልችልም።» በስልክ የሚባል ነገር አይደለም፤ ለዚያ ነው የመጣው። ለመናገር ቆርጦ ነበር።

ቅጥሩ ሲደርስ ሕዝቡ ሞልቷል። ዋርካው ሥር፣ ላስቲክ በተጋረደበት ቃሬዛ ላይ እማሆይ ወለተ ኪዳን ተኝተዋል። የአባቱ ጎረቤት ናቸው፤ ሕዝቅኤልን እናቱ ስትሞት ያሳደጉት እሳቸው ናቸው ቢባል ውሸት የለውም። ሐኪም ቤት «ወደ ቤታቸው ውሰዷቸው» ብሎ ከመለሳቸው ሰንብቷል። ዛሬ ልጆቻቸው ተሸክመው ያመጧቸው እንዲቆርቡ ነው።

«ሕዝቅኤል ነው?» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «ተመስገን። ሰው ጎደለ ብለው ሲመልሱኝ ነበር። ዛሬ እንግዲህ ሥጋ ወደሙን ተቀብዬ እሞታለሁ።»

ዕቃ ቤቱ ደጃፍ አባቱን አገኛቸው።

«አባየ፣ ከመልበሴ በፊት አንድ ነገር ልንገርዎ።»

ቄስ ገድሉ ቀና ብለው አዩት። ሲያዩት ቆዩ። ከዚያ ልብሰ ተክህኖውን አንስተው ክንዱ ላይ ጣል አደረጉለት።

«በኋላ ትነግረኛለህ። ልበስ።»

«አባየ፣ እኔ እኮ...»

«እማሆይን አየሃቸው?»

«አየኋቸው።»

«በል ልበስ።»

ለበሰ። ከልጅነቱ ጀምሮ አባቱ የነገሩት አንድ ነገር አለ፦ ሳይነጻ መጋረጃውን የሚያልፍ ዲያቆን እሳት ይወርድበታል። በዚህ ነገር ቀልዶ አያውቅም። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ቀኝ እግሩን አስቀድሞ ገባ። ምንም የለም። «ተንሥኡ» ሲል ድምፁ ይሰበራል ብሎ ነበር፤ ጭራሽ አማረ። አሳፋሪው ነገር ማማሩ ነው። ቄስ ገድሉ እጃቸውን ታጥበው «ያልነጻ አይቅረብ» የሚለውን ማስጠንቀቂያ ሲናገሩ፣ ሁልጊዜ ረጋ ብለው የሚሉትን፣ ዛሬ አቻኮሉት።

እማሆይን ደግፈው አቀረቧቸው። ሥጋውን አባቱ አቀበሏቸው፤ ደሙን በዕርፈ መስቀሉ ያቀበላቸው ሕዝቅኤል ነው። የቆረበ ሰው አይናገርምና አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው በዓይናቸው መረቁት። የማይገባውን ምርቃት እንደሰረቀ ሌባ አንገቱን ደፋ። በጽዋው የቀረውን እንደ ሥርዓቱ ራሱ ጠጣና እሳቱን ጠበቀ።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። አንድ ሕፃን አለቀሰ፣ እናቱ አባበለችው። ቄሱም ዝም፣ መጽሐፉም ዝም። ያን ጊዜ ነው ሕዝቅኤል የፈራው። እሳቱ ቢወርድ እኮ አንድ የሚቆጣ አለ ማለት ነበር። ያ ሁሉ ጾም፣ ያ ሁሉ ስግደት ባዶ ቤት ደጅ ነበር? ወይስ ባለቤቱ አለ፣ እሱን ግን ለቁጣ እንኳ ሳይቆጥረው ትቶታል? ከሁለቱ የቱ እንደሚሻል አላወቀም።

ሕዝቡ ሲበተን ዝናቡ አባራ። አባትና ልጅ በሐይቁ ዳር ወደ ቤት አቀኑ።

«አባየ፣ አሁን ልንገርዎ።»

«አትንገረኝ። ስትመጣ ፊትህን አየሁት። ሴት ናት?»

ሕዝቅኤል በአዎንታ አንገቱን ነቀነቀ።

«ታዲያ እያወቁ ለምን አስገቡኝ?»

«አምስተኛ ከየት ላምጣ?»

ቀጥለው የሚሉትን ጠበቀ። በጥፊ ቢሉት እግራቸው ላይ ወድቆ ያለቅስ ነበር። ቢያለቅሱ አብሯቸው ያለቅስ ነበር። ቄስ ገድሉ ግን ጋቢያቸውን ሰብስበው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

«እሳቱስ?» አለ እንደ ሕፃን። «ይወርዳል ይሉኝ የነበረው?»

አባቱ ቆሙ። ፊታቸውን ደፍርሶ ወደሞላው ሐይቅ አዞሩ።

«እኔንም አባቴ እንዲያ ይሉኝ ነበር» አሉ። «ስጠብቀው ሸበትሁ።»

ሕዝቅኤል ምን ሠርተው እንደነበር አልጠየቃቸውም። ለመጠየቅ ጉልበት አልነበረውም፤ የሚናዘዝለት ሰውም ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አልነበረውም።

«ነገም ቅዳሴ አለ» አሉት በሩ ላይ ሲደርሱ። «እንዳትዘገይ።»

«እሽ አባየ» አለ።