የማዳም ልካኑ ምድር ቤት

ያን ዕለት ለቁርስ እንቁላል ሰጡን። እውነተኛ እንቁላል እንጂ የለመድነው የእንቁላል ዱቄት አይደለም። አልሲድ ሳህኑን ትክ ብሎ አየና፣

«ኦኔዚም፣ በሬ ለእርድ ሲቀለብ አይተሃል?» አለኝ።

«ዝም ብለህ ብላ።»

«መብላቱንስ እበላለሁ። የሚያርደኝ ማን እንደሆነ ባውቅ ግን ደስ ይለኝ ነበር።»

አልሲድ ሮቢሾ የመንደሬ ልጅ ነው። ሁለታችንም የኒው ብሩንዝዊክ ዳርቻ ሰዎች ነን፤ ቅድመ አያቶቻችን ከፈረንሳይ ተሻግረው የሰፈሩ፣ በቤታችን ፈረንሳይኛ የምንናገር ካናዳውያን። እንግሊዝ አገር በሽቦ ታጥረን በከረምንበት ሰፈር ማንንም ማመን ትተን ነበር። የሚያሳዩን ካርታ ላይ ያሉት ከተሞች የሐሰት ስም ነበራቸው። «በቃ ተነሡ» ይሉንና ባሕሩ ተቆጣ ብለው ይመልሱናል። በፈረንጆቹ 1944 ሰኔ መግቢያ ላይ መርከቧ ስትነሣም ግማሾቻችን ያው ልምምድ ነው ብለን ነበር።

ልምምድ አለመሆኑ የገባኝ አስር አለቃ ፒትሪ ሲጸልይ ሳየው ነው። ዱጋልድ ፒትሪ የቡድናችን አለቃ ነው፤ ከጦርነቱ በፊት ጫካ ውስጥ እንጨት ቆራጭ የነበረ፣ እግዜርን ሲያማርር እንጂ ሲለምን ሰምተነው የማናውቅ ሰው።

ከመርከቧ በገመድ መረብ ተንጠላጥለን ወደ ማረፊያ ጀልባዋ ወረድን። ባሕሩ እያነሣ ያፈርጠን ጀመር፤ ያ ሁሉ እንቁላል ወጣ። የአንዱ ትውከት የሌላው ጫማ ላይ ነው። ሲነጋጋ መሬቱ ታየ። የባሕር ግንብ፣ የደወል ማማ፣ መጋረጃቸው ያልወረደ መስኮቶች። የእኛ መርከቦች ሲደበድቡት ቆይተው ዝም ብለዋል። ከዚያ ወገን ግን አንድ ጥይት የለም።

«ለምን አይተኩሱም?» አለ አልሲድ።

«አልቀው ይሆናላ» አልኩት።

«ያለቀ ሰው ዝምታ እንደዚህ አይደለም። ይሄ ያደባ ሰው ዝምታ ነው።»

የጀልባዋ የፊት በር ሲወድቅ ዝምታው አበቃ። መትረየሱ ከፊት የነበሩትን እዚያው በሩ ላይ ጣላቸው። እኔ በጎን ዘለልኩ፤ ውኃው እስከ ደረቴ ዋጠኝ። አልሲድ የቦርሳዬን ማንገቻ ጨብጦ ይከተለኝ ነበር። አንዴ ሳብ አደረገኝና ለቀቀኝ። ዞር ስል ፊቱን ውኃው ውስጥ ደፍቶ ማዕበሉ ያወዛውዘዋል። ልይዘው እጄን ስሰድ ፒትሪ ማጅራቴን ይዞ ወደ ግንቡ ገፋኝ። «ወደፊት! ወደፊት!» ይላል፤ ድምፁ ግን የለቅሶ ነበር።

ግንቡን አልፈን መንደሩን ከያዝን በኋላ እያንዳንዱን ነገር መጠርጠር ጀመርን። በር ከፍተን አንገባም፤ ፈንጂ ይኖረዋል። የሞተ ጀርመን አንነካም፤ ከሥሩ ቦምብ ይኖራል። ያም ሆኖ ፈትሸን ካለፍነው ቤት በኩል ከኋላችን ተተኮሰና ከመሃላችን አንዱ ወደቀ። ተመልሰን ብንገለባብጠው ቤቱ ባዶ ነው። የተኮሰውን አላገኘነውም።

«ስሙኝ» አለ ፒትሪ። «እነዚህ ሰዎች አራት ዓመት ሙሉ ከጀርመን ጋር አብረው ኖረዋል። ከአሁን በኋላ ድመትም ብትሆን ደህና ዋልሽ እንዳትሏት።»

ከሰዓት በኋላ ከመንደሩ ወጣ ብሎ ካለ የገበሬ ቤት ደረስን። ከዚያ ወዲያ መንቀሳቀስ አልተቻለም። በመንገዱ ጫፍ የተጠመደ መትረየስ የሻምበል ጦራችንን በሙሉ ቦይ ውስጥ አስተኝቶታል። ፒትሪ ቤቱን እንድንፈትሽ አዘዘ። ማዳም ልካኑ የምትባል ባልቴት ሽርጧን እንዳሸረጠች የምድር ቤቱ በር ላይ ቆማለች፤ ፈቀቅ አትልም።

«ማዳም፣ እኛ ካናዳውያን ነን። አይፍሩ» አልኳት በፈረንሳይኛዬ።

አይኗን አጠበበች። «ይሄን አነጋገር ከየት አመጣኸው? የኔ አያት ነበሩ እንዲህ የሚናገሩት። እንግሊዝ እንዲህ አያወራም።»

«እንግሊዝ አይደለሁማ።»

«እሱማ ይታያል። ጀርመኖች የእንግሊዝ ልብስ ለብሰው ሰው ቤት እየገቡ ምስጢር ያወጣጣሉ ሲባል ሰምቻለሁ። እስቲ ንገረኝ፣ እናትህ ላሟ አልታለብ ስትላት ምን ትላታለች?»

ሳላስበው አመለጠኝ። «‹ቁሚ አንቺ የቄስ ገረድ!› ትላታለች።»

ሳቋን ልታፍን ብትሞክር አልሆነላትም። ከበሩ ግን አልተነሣችም።

ፒትሪ የእጅ ቦምብ አወጣ። «ምንድን ነው የሚያስቃት? ወይ ትከፍታለች፣ ወይ እኔ እከፍታለሁ።»

ቦምቡን ስታይ ፊቷ አመድ መሰለ። «ሰው አለ» አለችኝ። «የእናንተ አይደለም፤ የእነሱም አይደለም። እንዳትገድሉት።»

እጁን አንስቶ የወጣው የጀርመን ልብስ የለበሰ ሰው ነበር። ቦሌክ ትለዋለች፤ ፖላንዳዊ ነው። ጀርመኖች በግድ ልብሳቸውን አልብሰው አምጥተውት፣ ፈረሶቻቸውን በእሷ ጋጣ ይጠብቅ ነበር። ጠዋት ድብደባው ሲጀመር ከድቶ ተደበቀ። ከእሷ የለመደው ትንሽ ፈረንሳይኛ አለው።

«ጠመንጃህስ?» አልኩት።

«የውኃ ጉድጓዱ ውስጥ ጣልኩት።»

ጎንበስ ብለን አየን። ጥቁር ውኃ ብቻ ነው።

«ያው ራሱ ነው!» አለ ፒትሪ። «ልጁን ከኋላ የመታው ይሄ ነው።»

ቦሌክ እኔ እኔን እያየ፣ ከቤቱ በስተጀርባ ባለው የፖም ዛፍ መሃል መንገድ አውቃለሁ አለ። ሥፍራው በሙሉ ፈንጂ ነው፤ ሲቀበር ግን እሱ ነበር ጋሪውን የሚነዳው። በዚያ ካለፍን ከመትረየሱ ጀርባ እንወጣለን።

ፒትሪ ቦምቡን መልሶ ኪሱ ከተተ። ከዚያ፣ «እሱ ከፊት። አንተ ከኋላው። ሲያወራም አፉን እያየህ ተርጉም» አለኝ።

የረገጠውን እየረገጥን ገባን። መሃል ላይ ስንደርስ ቆመ። ዞር አለና ወደ እኛ ተመልሶ አንድ ነገር ነገረኝ። ፒትሪ ጠመንጃውን አቀባበለ።

«ምን ይላል?»

«ምልክት ያደረጋት ዛፍ የለችም ይላል። መድፍ ጥሏታል።»

«ውሸታም! እዚህ አቁሞ ሊያስፈጀን ነው።»

እኔም ጠርጥሬው ነበር። ቦሌክ ግን ተንበርክኮ ሣሩን በጣቶቹ እየዳበሰ መሄድ ጀመረ። አንድ ቦታ ላይ እጁን አነሣና የብረት ጠርዝ አሳየኝ፤ የሚቀጥለው እርምጃዬ እዚያ ነበር። ላቡ ከአፍንጫው ይንጠባጠባል። እንዲያ እየዳበሰ አሻገረን።

ከመትረየሱ ኋላ ወጣን። ጀርመኖቹ አንድ ቦምብ ሲወረወርባቸው እጅ ሰጡ። አንደኛው ቦሌክን ሲያይ በስሙ ጠርቶ ፊቱ ላይ ተፋበት።

«አየህ?» አልኩት ፒትሪን።

«ምኑን አያለሁ? መትፋትም ያስተምሯቸው ይሆናል።»

ቦሌክን ከሌሎቹ ምርኮኞች ጋር ወደ ባሕሩ ሰደዱት። ሲሄድ እጆቹን ራሱ ላይ አድርጎ ዞሮ አየኝ። ምን ልበለው? የጀርመን ልብስ ነው የለበሰው።

ሲመሻሽ፣ ገና ሳይጨልም፣ ጉድጓድ እየቆፈርን ሳለ ማዳም ልካኑ በእንስራ የፖም ጠጅ ይዛ መጣች። ፒትሪ «መጀመሪያ እሷ ትቅመስ» አለ። ስተረጉምላት እንስራውን በሁለት እጇ አንሥታ፣ አይኗን ከፒትሪ ሳትነቅል አንገቷ እስኪንቀጠቀጥ ጠጣችና አፏን በሽርጧ ጠረገች። ከዚያ እኛም ጠጣን። ፒትሪም ጠጣ።

«ቦሌክስ?» አለችኝ።

«ወደ ባሕሩ ወስደውታል። እንግሊዝ አገር ይሻገራል።»

«እህል ቀምሷል? ከትናንት ጀምሮ አልበላም።»

አላውቅም ነበር። «አዎ፣ በልቷል» አልኳት። «ዳቦና ሥጋ ሰጥተውታል።»

ፊቴን አገላብጣ አየችው። ያመነችኝ አልመሰለኝም። ባዶውን እንስራ አንሥታ ወደ ቤቷ ሄደች።

ፒትሪ በሐምሌ የስንዴ ማሳ ውስጥ ወደቀ። አልሲድ ከግንቡ ሥር ከብዙዎች ጋር ተቀብሯል። የቦሌክን መጨረሻ የነገረኝ የለም፤ ከኋላችን የተኮሰው ማን እንደነበረም እስከ ዛሬ አላወቅሁም።