ብሔሞት በእትዬ ዘመነች በር

ከመኪናው ቀድሞ ድምፁ ደረሰ። ከቤቴል ወደ እኛ መንደር የሚያስገባውን ጠባብ መንገድ እያቃሰተ ሲወጣ ልብስ መስፊያዬን ትቼ ብድግ አልኩ። ሰፈሩም በር በሩ ላይ ወጥቶ ነበር። የጉድጓድ መቆፈሪያ መኪና ስንጠብቅ ሁለት ዓመት አልፎናል፤ የቧንቧ ውኃችን በሳምንት አንዴ ነው የሚመጣው፣ እሱም ደስ ካለው። አሁን ግን ይኸው፣ አሥር ጎማ ያለው፣ ጀርባው ላይ ረጅም የብረት ምሰሶ ያጋደመ መኪና የመብራት ሽቦ እየታከከ መጣ። ልቤ እንደ ልጅ ልብ ዘለለ።

ውኃ አለበት የተባለው ቦታ ከእትዬ ዘመነች ቤት ጀርባ ነው። መግቢያው ደግሞ የእሳቸው የብረት በር ብቻ ነው። ከወር በፊት ፈቅደው፣ ያን ቀን ጠዋትም ጎመናቸውን ነቅለው መንገድ አስፍተው ጠብቀዋል።

እኔ አብዛኛውን ጊዜ ሰሚ ነኝ። እንግሊዝኛ የተማርኩት ጦር ኃይሎች አጠገብ በነበረችኝ ሱቅ ሃያ ዓመት ልብስ እየሰፋሁ ራዲዮ በማዳመጥ ነው፤ ስለዚህ ጉዳይም ብዙ አላወራም። የዚያን ቀን ግን ደስታው አፌን ከፈተው። ከመኪናው መስታወት በላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ የእንግሊዝኛ ቃል አየሁና ጮክ ብዬ አነበብኩት። ጎረቤቴ ሃና ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀችኝ።

«በጣም ግዙፍ ማለት ነው» አልኳት። እዚያ ላይ ብተወው ምን ነበረበት? «ያው ቤተ ክርስቲያን የምንሰማው ብሔሞት ነው፤ አውሬው» ብዬ ጨመርኩ።

እትዬ ዘመነች ሰሙ። በሩን ገፍተው ዘጉና በውጭ በኩል ያለውን መቀርቀሪያ ወረወሩት።

«ሀብቴ» አሉኝ፣ «ያ አውሬ የትኛው ቦታ ነው የተሰጠው?»

«መጽሐፉ እንደሚለው የብስ ነው፣ እትዬ።»

«በደረቁ ምድር። ታዲያ የደረቁን ምድር አውሬ ጎትታችሁ ውኃ አውጣ ልትሉት ነው?»

ያጠፋሁት እኔ ነኝና ለማቃናት ሞከርኩ። ፈረንጆቹ ቃሉን ሲናገሩ አውሬው ትዝ እንደማይላቸው፣ ተራራ ለሚያህል መርከብም፣ በየአገሩ ቅርንጫፍ ላለው ኩባንያም እንደሚሉት አስረዳኋቸው። አንድ ጊዜማ በውድድር ላሸነፈ ዱባ ሲሉት በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

«ዱባው ደግሞ ምን በደላቸው?» አሉ። ሰው ሳቀ፤ እሳቸው አልሳቁም። አውሬውም ቢሆን እግዚአብሔር የፈጠረው፣ እንደ በሬ ሣር የሚግጥ ነው አልኳቸው። እሱን ከእኔ በፊት ያውቁታል። «ፍጥረቱን መች ጠላሁ? በዚህ ስም በእኔ በር አይገባም ነው ያልኩት።»

ሾፌሩ ገሜዳ ወርዶ ሰዓቱን አየ። ስሙን የጻፈው ራሱ ነው፤ ድሮ አብሮት የሠራ አንድ ፈረንጅ መኪናውን በዚያ ቃል ሲያሞካሽለት ወዶት። እስከ እኩለ ቀን ምሰሶው ካልቆመ ወደ ዓለም ባንክ ሰፈር እንዲሄድ መታዘዙን ነገረን። እዚያ ያሉት ከጠዋት ጀምሮ እየደወሉለት ነው፤ እኛ ተራችንን የምናገኘው ከክረምት በኋላ ይሆናል። ቀለሙን በቢላ ልፋቀው ቢልም እትዬ ዘመነች አልተቀበሉትም። ቀለም ሲፋቅ ስም አብሮ አይፋቅም አሉት።

ሰው መጮህ ጀመረ። አንዱ በሩን እንስበረው አለ። እኔ በልቤ አቡነ ዘበሰማያት ደግሜ፣ እሳቸው በሩ ሥር ከተቀመጡበት ድንጋይ ላይ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። የእትዬ ዘመነችን ታሪክ ልብሳቸውን ስሰፋ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ።

«እትዬ፣ እናትዎ ያወጡልዎት ስም ማን ነበር?»

«አስካለ። ምነው?»

«ዘመነችን ማን አወጣልዎት?»

«አማቴ ናቸዋ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና። ሙሽራ ሆኜ ስመጣ ደጃፉ ላይ አቁመውኝ፣ እግሬን ሳላስገባ...»

አልጨረሱትም። እኔን አዩኝ፣ መኪናውን አዩት፣ ተመልሰው እኔን አዩኝ።

«አንተ ተንኮለኛ። የመኪና አማት ልታደርገኝ ነው?»

 ገሜዳም ቶሎ ገባው፤ ለእሱም እናት ስም ያወጡላቸው የአባቱ እናት መሆናቸውን ነገራቸው። «ግን እማማ፣ ይሄ መኪና ወንድ ነው» አለ እየሳቀ።

«በእኔ ደጃፍ ቆሞ ስም የሚቀበል ሙሽራ ናት» አሉና ተነሡ። ነጠላቸውን አስተካክለው የመኪናውን አፍንጫ በመዳፋቸው ነኩት።  «ከዛሬ ጀምሮ ዘነበች ብዬሻለሁ። በዚያ ስምሽ የጠራሽ ጠቡ ከእኔ ጋር ነው።»

መቀርቀሪያውን ራሳቸው ሳቡት። እኔ ከኪሴ የልብስ ጠመኔዬን አውጥቼ በመኪናው በር ላይ ዘነበች ብዬ ጻፍኩ። እልልታው ሞተሩን ዋጠው። እኩለ ቀን ሳይሞላ ምሰሶው ከጣራችን ሁሉ በላይ ቆመ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ መሬቱ መጀመሪያ ግራጫ ጭቃ ተፋ፤ ቀጥሎ ደፍረስ ያለ ውኃ፤ ከዚያ በኋላማ ሰማይ ድረስ ፈነጠቀ። ቢጫ ጀሪካን ያልያዘ ሰው አልነበረም። ሃና ጫማዋን ጥላ ጭቃው ውስጥ ገባች። እትዬ ዘመነች በእፍኛቸው ቀድተው አማተቡና ቀመሱ፤ ለረጅም ጊዜም ቀና አላሉም።

ገሜዳ ሊሄድ ሲል ጠመኔው በውኃው ታጥቦ ጠፍቶ ነበር። የተረፈውን ቀይ ቀለምና ቡሩሽ አምጥቶ በእጄ አስያዘኝ፤ ዓለም ባንክም በዚሁ ስም ነው የምገባው አለ። እትዬ ዘመነች መጥተው ከኋላዬ ቆሙ፤ አንዴ ወደ ላይኛው የእንግሊዝኛ ቃል፣ አንዴ ወደ እኔ እጅ እያዩ።

«ሀብቴ፣ ከዚያኛው እንዳያንስ» አሉኝ። «ፊደሉን አግዝፈው።»