ቀይ ክር

ነጩ ጋዋን ደረቱ ላይ «የጥገና ክፍል ኃላፊ» የሚል ተለጥፎበታል። ሥራ አስኪያጁ ወረወረላት እንጂ አልሰጣትም።

«ልበሺው። እንግዶቹ እስኪወጡ ነው። ዘይት እንዳታስነኪው።»

በስፌት ፋብሪካው መፍቻ ይሏታል። ዐሥራ አንድ ዓመት የስፌት መኪና ጠግናለች፤ መዝገቡ ላይ ግን የጽዳት ሠራተኛ ናት። የኃላፊነት ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ቃል ገብተውላት ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀረ። ወንበሩን የያዘው የሥራ አስኪያጁ ሚስት ወንድም ነው። ከመፈረም ሌላ ስለማያውቅ ሴቶቹ ፊርማ ብለውታል።

«ደብዳቤዬስ?» አለች።

«መጀመሪያ ዋንጫው ይምጣ።»

ዋንጫው ሴቶችን ላሳደገ ድርጅት የሚሸለም ነው።

ፊርማ በሩን ተደግፎ ሳቀ። «አምሮብሻል! ብቻ እንዳትለምጂው።»

«አንተ ስድስት ዓመት ለብሰኸው መች ሥራ ለመድክ?»

የዋንጫው ገምጋሚዎች ሦስት ሆነው ገቡ። በአዳራሹ አርባ መኪና አለ፤ የእያንዳንዱ እግር ላይ ክር ታስሯል። የጠገነ ሰው የራሱን ቀለም ያስራል፤ ሲበላሽ ተጠያቂው ይታወቃል። አምና ፊርማ ጠገንኩ ያለው መኪና የአንዲት ልጅ ጣት ከበሳ ወዲህ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ግድግዳ ላይ ለጥፏል፦ «ክር ያልታሰረበትን መኪና ያስነሳ ይባረራል።» ሁለቱ ሰማያዊ ናቸው፣ የፊርማ፤ እነሱ ተበላሽተው ቆመዋል። ሠላሳ ስምንቱ ቀይ ነው። ቀዩ የእሷ ነው።

ከገምጋሚዎቹ አንዷ፣ መነጽር ያደረጉ አሮጊት፣ ጎንበስ ብለው ክሩን ነኩ። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ጌጥ ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ ፈጠን ብሎ። «ለእናንተ ክብር። ኃላፊያችንም ይቺውላችሁ፤ እኛው ያሳደግናት።»

ጌጥ! መፍቻ ቀዮቹን ክሮች አየች።

«ጎበዝ ልጄ» አሉ አሮጊቷ። «ከተሾምሽ ስንት ጊዜሽ?»

«ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ።»

«ቀልደኛ ናት!» አለ ሥራ አስኪያጁ። ክንዷን ጨብጦ ጆሮዋ ሥር፣ «ነገ መጥረጊያሽንም አታገኚው» አላት።

አጠገቧ ካለው ጠረጴዛ መቀስ አነሳች። ጎንበስ አለችና የመጀመሪያውን ቀይ ክር ቆረጠች። መኪናው ላይ የምትሰፋው ሴት እግሯን ከፔዳሉ አነሳች።

«ምን ሆንሽ? ስፊ እንጂ!» አላት ሥራ አስኪያጁ።

«ክር የለውማ ጌታዬ። ማስታወቂያውን የለጠፉት እርስዎ ነዎት።»

መፍቻ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን ቆረጠች። የመኪኖቹ ጩኸት በየረድፉ እየሞተ ሄደ። መጨረሻው ረድፍ ስትደርስ የሚሰማው መቀሱ ብቻ ነበር።

«እሰር!» ብሎ ጮኸ ሥራ አስኪያጁ በፊርማ ላይ። «ያንተን እሰርበት!»

ፊርማ ሰማያዊ ክሩን ይዞ ጎንበስ ሲል መኪናው ላይ የነበረችው ልጅ ከወንበሯ ተነሳች። የተበሳ ጣቷን ዐይኑ ሥር አቆመችለት። «ያንተ ክር ያለበት ላይ ዳግመኛ እጄን አላስገባም።»

አሮጊቷ ደብተራቸውን ዘጉ።

«ክርሽን መልሺ!» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ክር የሚያስር ኃላፊ ነው። ደብዳቤውን ይጻፉ፣ እዚሁ ሰው ፊት። አስራለሁ።»

ፊቱ ደም መሰለ። «ውጪ!»

ጋዋኑን አውልቃ፣ እሱ እንደወረወረላት ወረወረችለት።

«ዘይት አልነካውም» አለችና ወጣች።

ሠላሳ ስምንቱ ሴቶች እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።