ሹፌሯ ፍየል

በከተማው ውስጥ ስለ ፊልም የሚጽፉ አራት ሰዎች ነበሩ፤ አራቱም ፊልም አይወዱም። ይህን አንዱ የሌላውን ስለሚያውቅ ከአንዱ ጋዜጣ ቤት ጀርባ ባለች ሻይ ቤት ቁጭ ብለው አንድ ዘዴ ዘየዱ። አዲስ ፊልም በመጣ ቁጥር አንዱ በተራው ገብቶ ያያል፣ ወጥቶ ለሦስቱ ይተርካል፣ ከዚያ አራቱም እንደየአመላቸው በየጋዜጣቸው ይዘነጥሉታል። ምስኪኑ አንባቢ የአራት አዋቂ አስተያየት ያገኘ ይመስለዋል። ያገኘው ግን የአንድ ሰው ዓይንና የአራት ሰው ምላስ ነው።

በዚያ ሳምንት ተራው የመጋዝ ነበር። መጋዝ ያሉት ያገኘውን ሁሉ ስለሚቆርጥ ነው፤ እሱም ቅጽል ስሙን እንደ ሹመት ይዞት ይኖራል። ፊልሙ የልጆች የአሻንጉሊት ፊልም ነው። ማስነጠሷን ሌባ የሰረቃት አንዲት ልጅ፣ በሚበር የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ተሳፍራ ሌባውን ፍለጋ ሰባት ሰማይ ታቋርጣለች። ይህን ጉድ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ አሻንጉሊቶቹን በእጇ እየሰፋች የሠራችው ደግሞ የመጋዝ የገዛ ልጁ ናት።

ሌላ ሰው ቢሆን ተራውን ለጓደኛው ይለቅ ነበር። መጋዝ ግን ለሥጋው እንደማያዳላ አገር እንዲያውቅለት ፈልጓል። ልጁም አመሉን ጠንቅቃ ታውቃለች። ገና በአምስት ዓመቷ ፈረስ ስላ ብታሳየው "እግሩ ረዝሟል" ብሎ የመለሰላት አባት ነው። ስለዚህ ምሕረት አልለመነችውም።

"አባዬ፣ እንደፈለግክ ስደበው" አለችው በስልክ። "ብቻ እየው።"

"ምን ማለትሽ ነው? ሥራዬ አይደል እንዴ?" አላት ቅር ብሎት።

በማግስቱ ጠዋት ሲኒማ ቤት ገባ። ወንበሩ ለስላሳ ነው፣ አዳራሹ ሞቅ ብሏል፣ ሳፋው ገና ከመሬት ሳይነሳ መጋዝ ጭልጥ አድርጎ ተኛ። ሲነቃ የሠራተኞቹ ስም እየወረደ ነበር። ጭንቅላቱ ውስጥ ባርኔጣ አድርጋ አውቶቡስ የምትነዳ ፍየል ቀርታለች። ከፊልሙ ትሁን ከሕልሙ ጥቂት አሰበበት። ሳፋ በሚበርበት ፊልም ፍየል ብትነዳ ምን ይገርማል ብሎ ኮቱን አራግፎ ወጣ። ሻይ ቤት ለሚጠብቁት ለሦስቱም ፍየሏን አሳምሮ ተረከላቸው።

ሐሙስ አራቱም ጋዜጦች ወጡ። አንድም ቀን ሳያስተምር ፕሮፌሰሩ የሚሉት አምደኛ፣ ፍየሏ የቢሮክራሲ ተምሳሌት መሆኗን ደርሶበት "ተምሳሌቱ ግን አልበሰለም" አለ። መነጽሯ የሚሏት አምደኛ "የፍየሏ ትወና ነፍስ የለውም" ብላ ጻፈች። ሰባኪው የሚሉት አራተኛው በበኩሉ ልጆቻችን መንጃ ፈቃድ ከሌላት ፍየል ምን ይማራሉ ሲል አምርሮ ጠየቀ። መጋዝ ሁሉንም አስከነዳቸው፦ "ፍየሏስ የምትሄድበትን ታውቃለች፤ ዳይሬክተሯ ግን አታውቅም።" ይህችን ዓረፍተ ነገር ለብቻው ሦስት ጊዜ ጮክ ብሎ አነበባት። በጣም ኮርቶባታል።

ቅዳሜ በምሳ ሰዓት ልጁ አራቱን ጋዜጦች ብብቷ ሥር ሸጉጣ ቤቱ መጣች። ተቀመጪ ቢላት አልተቀመጠችም።

"አባዬ፣ ፍየሏ የታለች?"

"የቷ ፍየል?"

"አውቶቡስ የምትነዳዋ። አሻንጉሊቶቹን አንድ በአንድ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ፍየል አልሰፋሁም። አውቶቡስም የለም።"

መጋዝ ተምሳሌት ናት ሊል ቃጣው፤ ያ ደግሞ የፕሮፌሰሩ ነው።

"ከኋላህ ሁለት ረድፍ አልፌ ተቀምጬ ነበር" አለችው። "ስታንኮራፋ ሰማሁህ። ልቀሰቅስህ ተነሣሁና፣ ደክሞት ነው፣ መቼም ያላየውን አይጽፍም ብዬ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ስድቡ አይደለም የቆጨኝ፤ እሱን ለምጄዋለሁ። አራት ሰው ሲሰድበኝ አንድ ሰው እንኳ አላየኝም።"

መጋዝ አፈረ። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲያሳፍር ስለኖረ ራሱ ሲያፍር የሚያደርገው ጠፋው፤ ብድግ ብሎ ኮቱን ፈለገ።

"አሁኑኑ ሄጄ አየዋለሁ። ማረሚያም እጽፋለሁ።"

"ትናንት ከሲኒማ ቤቱ አወረዱት። ሥራ አስኪያጁ ጋዜጦቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ አራት ሰው ባንድ ላይ አይሳሳትም አለኝ።"

ኮቱን አንድ እጅጌ አጥልቆ ቆመ። ሰውን ሲለምን ይህ የመጀመሪያው ነበር።

"እንግዲያው ቁጭ በይና ንገሪኝ፣ ልጄ። ከመጀመሪያው ንገሪኝ። ልጅቷ መጨረሻ ላይ ማስነጠሷን ታገኘዋለች?"

ጋዜጦቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወደ በሩ ሄደች። እጀታውን ይዛ ዞር አለች።

"የልጆች ፊልም ነው አባዬ" አለችው፤ ድምፅዋ ቁርጥ የእሱን። "ላንተ አይሆንም።"

በሩንም ቀስ አድርጋ ዘጋችው።