በሰም የተደፈነው ስንጥቅ

እመት ሀብትነሽ ከፍኖተ ሰላም ተነሥተው ጣና ዳር ድረስ የመጡት የልጅ ልጃቸውን ሰብሊን ሊጠይቁ ነው ቢሉም፣ እውነቱ ሊጠብቋት ነበር። ሰብሊ በባሕሩ ላይ የተስፋፋውን እምቦጭ አረም እየዞረች የምትመዘግበው ካያክ በሚሏት፣ አንድ ሰው ብቻ በምትይዝ ቀጭን የፕላስቲክ ጀልባ ነው። አያቲቱ ይህን ሰምተው ነው ጓዛቸውን የጠቀለሉት።

በመጡ ማግስት ጠዋት ሰብሊ ቁርስ ስትበላ፣ ጀልባዋ ወደተደፋችበት ወርደው ከፊት እስከ ኋላ ዳበሷት። ጭራዋ አጠገብ፣ ሆዷ ላይ፣ ጣት የሚያስገባ ረጅም ስንጥቅ አገኙ። ክው አሉ። ለልጅቱ ቢነግሯት ትስቃለች፤ ትናንትም ሲጨነቁ ስትስቅባቸው ነው የዋለችው። ለደብራቸው ጧፍ የሚሠሩት እሳቸው ስለሆኑ ከጓዛቸው ሰም አይጠፋም። የተሰነጠቀ ቅል እንደሚደፍኑት ሁሉ ሰሙን በመዳፋቸው አሙቀው ጠቀጠቁት፤ በአውራ ጣታቸውም አለሰለሱት። ያኔ ገና እፎይ አሉ።

ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሣ። ሰብሊ ሥራዋን ጨርሳ ስትመለስ፣ እመት ሀብትነሽ ከታንኳ ሠሪው ከአያ ቂርቆስ ጋር ዳር ላይ ቆመው ያይዋት ነበር። ጀልባዋ አልታዘዝ አለች። ሰብሊ የጀልባዋን አፍንጫ ወደ ዳር ስታዞረው መልሶ ወደ ነፋሱ ይዞራል። እየታገለችም ነፋሱ በጎን ውኃው ዳር ወደበቀለው የደንገል ጥሻ ይገፋታል። ከጥሻው ጫፍ ካለፈች ደግሞ ሰፊው ባሕር ነው።

አያ ቂርቆስ ገረማቸው። በሌላው ቀን በዚህ ነፋስ ቀጥ ብላ ነው የምትመጣው አሉ፤ ከጀልባዋ ሆድ በገመድ የምታወርዳት፣ የዓሣ ክንፍ የመሰለች ስስ ሳንቃ አለቻት፣ ሰብሊ ስኬግ ትላታለች። ያቺ ውኃውን ሰንጥቃ ከያዘች ጭራው አይንሸራተትም፣ አፍንጫውም ወደ ነፋስ አይዞርም።

«በየት በኩል ነው የምትወርደው?» አሉ እመት ሀብትነሽ።

«በስንጥቁ ነዋ።»

 እመት ሀብትነሽ ጠዋት የሠሩትን ነገሯቸው።

«መርከብ ቢሰጡዎማ መልሕቁን እንዳይወድቅ ብለው ይሰፉት ነበር» አሉ አያ ቂርቆስ። «ይደውሉላት። ገመዱ እንቢ ያላት መስሏት ነው የምትታገለው።»

ሰብሊ ስልኳን በላስቲክ ጠቅልላ አንገቷ ላይ ታንጠለጥላለች። ብዙ ጠርቶ ተነሣ።

«እምዬ፣ አሁን አይመቸኝም።»

«ስንጥቁን በሰም የደፈንኩት እኔ ነኝ፣ ልጄ። የሚያፈስ መስሎኝ ነው።»

 ስልኩ ተዘጋ።

ሰብሊ መቅዘፏን ተወች። ነፋሱ በጎን እየገፋ ደንገሉ ውስጥ አስገባትና ተሰወረች። እመት ሀብትነሽ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። አያ ቂርቆስ እዚያ ውኃው ከጉልበት አያልፍም፣ ወርዳ ሰሙን እየፋቀችው ነው ቢሏቸውም አላመኑም።

ከብዙ ቆይታ በኋላ የጀልባዋ አፍንጫ ከደንገሉ ብቅ አለ። ነፋሱ ያው ነው፣ ማዕበሉም ያው ነው፤ ጀልባዋ ግን እንደ ተወጠረ ክር ቀጥ ብላ መጣች።

ሰብሊ ጥፍሯ ሁሉ ሰም ሆኗል።

«ባይነግሩኝ ገመዱን በጥሼው ነበር። ለምን አስቀድመው አልጠየቁኝም፣ እምዬ?»

«ትስቂብኛለሻ።»

ሰብሊ ልትክድ ብላ ተወችው። ጀልባዋን በጎኗ አጋድማ ገመዱን አስያዘቻቸው። እመት ሀብትነሽ ሳንቃዋን አወረዷት፣ መለሷት፣ ደግመው አወረዷት።

«ሌላስ ቀዳዳ አላት?» አሉ።

ሰብሊ ሳትስቅ አንድ በአንድ አሳየቻቸው።