ለጉብኝቱ የተዘጋጀች ጥያቄ

ተማሪን ለጉብኝት በማዘጋጀት እኔን የሚያህል በትምህርት ቤታችን የለም። ይህን የምለው ልኩራራ ብዬ አይደለም። በዚሁ ችሎታዬ ነው የሰው እንጀራ የዘጋሁት።

ሌሎቹ መምህራን ልጆቹን አውቶቡስ ላይ ጭነው እያዘፈኑ ወስደው እያዘፈኑ ይመልሳሉ። እኔ እንዲህ ያለ ቀልድ አላውቅም። የከተማውን ውሃ ማጣሪያ ልንጎበኝ ሦስት ሳምንት ሲቀረን ጀመርኩ። ውሃው ከወንዝ ተነስቶ ቧንቧችን እስኪደርስ የሚያልፍበትን መንገድ ሰሌዳ ላይ ሣልኩ፤ ልጆቹን ሁለት ሁለት አድርጌ አጣመርኩ፤ ወላጅ ፈርሞ የሚመልሰውን ወረቀት በተንኩ። ከሁሉም በላይ ግን ጥያቄ! እያንዳንዱ ልጅ ጥያቄ ይጽፋል፣ እኔ አርማለሁ፣ ከዚያ ክፍሉ ፊት ቆሞ ይለማመዳል። አንዱ "ውሃ ለምን ይጠቅማል?" ብሎ ቢያመጣልኝ "ሂድና ላም ጠይቅ" አልኩት። ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

ምርጡን ጥያቄ የጻፈችው የማጣሪያው ኦፕሬተር ልጅ ነበረች። አባቷ እዚያው ማጣሪያው ውስጥ ነው የሚሠራው፤ የሚያስጎበኘንም እሱ ነበር። "ክሎሪን የሚጨምረው ፓምፕ ዛሬ ምን ያህል እየጨመረ ነው? ልኩንስ በምን ታውቃላችሁ?" ይላል ጥያቄዋ። እሰይ የኔ ልጅ! የመጀመሪያዋ ጠያቂ አደረግኳት። ይባስ ብዬ የማጣሪያው ሥራ አስኪያጅ እንዲገኙልን ደብዳቤ ጻፍኩ።

ሁለት ቀን ሲቀረን ጠረጴዛዬ አጠገብ መጥታ ቆመች።

"ቲቸር፣ ጥያቄዬን ይቀይሩልኝ።"

"ለምን ሲባል?"

"አባዬ እሷን ጥያቄ አትጠይቂ ብሏል። ኮንትራቴ የሚታደስበት ጊዜ ነው ብሏል።"

ያኔ መስማት ነበረብኝ። ምን ዋጋ አለው፣ የራሴ ዝና ጆሮዬን ደፍኖታል። "አባትሽ ሰው ፊት መናገር አፍሮ ነው። አይዞሽ፣ ይኮራብሻል" አልኳት። እሺ ብላ ሄደች።

በቀጠሮው ቀን ሥራ አስኪያጁ ከጤና ቢሮ ሁለት እንግዶች አስከትለው መጡ። ኦፕሬተሩ ቱታውን አጥቦ፣ ተኩሶ ለብሷል። ገንዳዎቹን እያዞረ አሳየን። ፓምፑ ጋ ስንደርስ ልጅቷ እጇን አወጣች፤ እንዳለማመድኳት ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ አንድ ቃል ሳትስት ጠየቀች። ኦፕሬተሩ መጀመሪያ እኔን አየኝ። ከዚያ ልጁን አየ። ደብተሯን ከፍታ መልሱን ልትጽፍ ትጠብቃለች። ልጁን እያየ መዋሸት አቃተው።

"ከተበላሸ አራት ወር ሆነው" አለ። "በባልዲ ነው የምንጨምረው። ልኩ በግምት ነው።"

"ቀልደኛ ነው!" አሉ ሥራ አስኪያጁ። ማንም አልሳቀም። ልጅቷ መልሱን ጻፈች።

በሳምንቱ ኮንትራቱ እንደማይታደስ ተነገረው። ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሄጄ ጥፋቱ የኔ ነው፣ እባክዎ ብዬ ለመንኩ። "መምህር፣ ልጆቹን እንዴት አድርገው ቢያዘጋጇቸው ነው! በጣም እናመሰግናለን" ብለው እስከ በሩ ሸኙኝ። ፓምፑ እስከ ዛሬ አልተጠገነም። በባልዲ የሚጨምር ሌላ ሰው ተቀጠረ፤ ውሃውን ሁላችንም እንጠጣለን።

ሰውየው ቤት ሄድኩ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ እሱ ግን ወንበር ሳበልኝ። ልጅቷ ደብተሯን ይዛ ከጓዳ ወጣች። "ቲቸር፣ ሌላ ጥያቄ ጽፌያለሁ። ፓምፑን የማያሠሩት ለምንድነው?" አባቷ ወደ ውስጥ ግቢ አላት።

"አንድ ግቢ ውስጥ የጥበቃ ሥራ አግኝቻለሁ" አለኝ ድምጹን ዝቅ አድርጎ። "እሷ ግን ሠፈሩን ሁሉ እየዞረች ውሃው በግምት ነው፣ አፍሉት ትላለች። ወሬው እዚያም ከደረሰ አለቀልኝ።"

"ምን ላድርግልዎ? የፈለጉትን ይዘዙኝ።"

"ተይ ስላት ቲቸር ጠይቁ ብለውናል ትለኛለች። የምትሰማው እርስዎን ነው። እንግዲህ ዝም ማለትንም እርስዎ ያስተምሩልኝ።"

እንቢ ማለት ነበረብኝ። በምን አንደበቴ?

በማግስቱ ክፍል ውስጥ እጇን አወጣች። አይቼ አለፍኳት። እንደገና አወጣች። "እጅሽን አውርጂ" አልኳት፤ ልጆቹ ዞረው አዩኝ። በሦስተኛው ቀን ግማሽ ድረስ ብቻ አንስታ መለሰችው። ሳምንት እንኳን አልፈጀባትም። ድሮም ጎበዝ ተማሪ ናት።