ብቻ መዳን

እናቴ ጌጥነሽ በስልሳ ስምንት ዓመቷ ስንፍና ተገኘባት። የነገራት የክሊኒኳ፣ የኩፓት ሆሊም፣ ዶክተር ነው፤ «አንገትሽ ላይ ያለችው የታይሮይድ ዕጢ ሰንፋለች።» ሃያ ዓመት የሰው ደረጃ ስትወለውል የኖረች ሴት እንዲህ ተሰድባ አታውቅም።

ምልክቱ ግን ልክ ነበር። በአሽዶድ የሐምሌ ሐሩር ጋቢ ደርባ ትንቀጠቀጣለች፤ አውቶቡስ ላይ እንቅልፍ ጥሏት ሁለት ጊዜ መጨረሻ ፌርማታ ድረስ ሄዳለች። ትእዛዙ ቀላል ነው፦ በየንጋቱ በባዶ ሆድ አንድ ኪኒን በውሃ፣ ቁርስ ቆይቶ፣ አመሻሽ ላይ ባሕር ዳር በእግር መሄድ። ሁሉንም አደረግሁ አለች። ከሦስት ወር በኋላ የደም ውጤቷ ንቅንቅ አላለም። ዶክተሩ መጠኑን ሊጨምር ነው። ልቧን ይጎዳት ይሆን ብዬ ፈራሁና ሮቫ ቫቭ የሚባለው ሰፈሯ ሄጄ እሷ ዘንድ አደርኩ።

ገና ሲነጋ ከወጥ ቤት «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። እናቴ ኪኒኗን መክተፊያ ላይ አስቀምጣ በቢላዋ ለሁለት ከፈለቻት። ግማሿን ዋጠች፤ ግማሿን በሶፍት ጠቅልላ ወጣች። ተከተልኳት። አንድ ፎቅ ወርዳ የጎረቤቷን የእትየ ሐረጓን በር አንኳኳች። እትየ ሐረጓ በሩን የከፈቱት የውሃ ብርጭቆ ይዘው ነው።

«እማ! ምን እያደረግሽ ነው?»

«እሷም እንደኔ ይደክማታል፣ ይበርዳታል» አለች ሳታፍር። «ብቻዬን ልዳን?»

«መድኃኒት እንደ ዳቦ አይቆረስም!»

«ተይ አንች» አሉ እትየ ሐረጓ። «እናትሽ ሥራ ስትውል ከኔ ቤት ስትበይ፣ አይቆረስም ብለሽ ታውቂያለሽ?»

ወደ እሳቸው ዞርኩ። «እትየ፣ የእርስዎን ድካም ማንም አልመረመረውም። ሌላ በሽታ ቢሆንስ? እሷም በግማሽ ኪኒን አትድንም።»

እናቴ ሶፍቱን ጨበጠች። «እንግዲያ እሷ እስክትመረመር ሙሉዋን አልውጥም።»

ዕጢዋ ሰንፋለች የተባለችው ይህች ናት።

የዚያኑ ቀን ለእትየ ሐረጓ ቶር፣ የሐኪም ቀጠሮ፣ ያዝኩ። በማግስቱ ጧት ሦስታችን ኩፓት ሆሊም ተሰለፍን። እትየ ሐረጓ ደም ሰጥተው ክንዳቸው ላይ ጥጥ ይዘው ሲወጡ፣ እናቴ ኪኒኗን ከቦርሳዋ አወጣች። እጇ ግን አፏ ሳይደርስ ቆመ።

«ዋጭያት እቴ» አሏት። «የኔን ሐሙስ ይነግሩናል።»

«ካንች ቀድሜ ብድንስ?»

«ትሸከሚኛለሻ!»

ዋጠቻት። እትየ ሐረጓ አላመኑም፤ አገጯን ይዘው «ምላስሽን አሳይኝ» አሏት። የተሰለፈው ሰው ሁሉ እያየ፣ እናቴ እንደ ሕፃን አፏን ከፈተች።